የባስክ ስም በማሊያ ጀርባ፦ ከአያት አለፍ ብሎ ያለው ማተሚያ ሱቅ ሲገመገም

ከአያት የባቡር ጣቢያ አልፎ ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ አንድ የማሊያ ማተሚያ ሱቅ አለ። ማሊያ ላይ ስምና ቁጥር የሚለጥፍ ቤት በአካባቢው ሞልቷል። ይህኛውን ለየት የሚያደርገው፣ ማሊያውን አጥፎ በፌስታል ሲያስረክብ አብሮ የመዳፍ ስፋት ያላት ካርድ መስጠቱ ነው። ካርዷ ላይ ማሊያው ላይ የታተመው የቤተሰብ ስም ከየት እንደመጣና ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያፈለቀ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ሕትመቱን በሙሉ ልብ እንመክራለን። ካርዱ ግን መታረም አለበት፣ በተለይ የባስክ ስሞች ላይ። ስህተቶቹ ብዙ ቢመስሉም በዋናነት የሚመነጩት ከሁለት ነገር፣ ከቃላቱ ቅደም ተከተልና ከአጻጻፉ ነው፤ ባለቤቱ ልብ ካላቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተካክላቸው ይችላል።

የባስክ ስም ለምን በዛ ቢባል፣ ሰፈሩ የአርሴናል ደጋፊ ስለሞላበት ነው። አሠልጣኙ ሚኬል አርቴታ የባስክ ከተማ የሆነችው የሳን ሴባስቲያን ልጅ ነው። ማርቲን ዙቢሜንዲም እዚያው ተወልዶ፣ በሪያል ሶሲዳድ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 አርሴናል ገባ። በዚያው ዓመት ግብ ጠባቂው ኬፓ አሪዛባላጋ ከቸልሲ መጣ፤ እሱ ከቢስካይ ጠረፍ ከኦንዳሮዋ ነው። ከአርሴናል ውጪም ቢሆን አሠልጣኞቹ ኡናይ ኤምሪና አንዶኒ ኢራኦላ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በ86ኛው ደቂቃ እንግሊዝ ላይ የማሸነፊያዋን ጎል ያስቆጠረው ሚኬል ኦያርዛባልም የዚያው አገር ሰው ነው። የባስክ አገር በሰሜን ስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ጥግ፣ የፒሬኔ ተራሮች ወደ ባሕር በሚወርዱበት በኩል ያለ ትንሽ ምድር ሲሆን፣ ቋንቋው ከስፓኒሽም ከፈረንሳይኛም ከሌላ ከሚታወቅ ቋንቋም ጋር ዝምድና የለውም። ስሞቹ ረዣዥምና ለጆሮ እንግዳ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕትመቱ። ሱቁ ፕሎተር በሚባል መቁረጫ ማሽን የሚቆረጥ ቪኒልም (በሙቀት የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) በፊልም ላይ ታትሞ የሚተላለፍ ዲቲኤፍም ይሠራል። ለስምና ለቁጥር ቪኒሉን ምረጡ። ፊደሉ አንድ ቀለም ብቻ እስከሆነ ድረስ ዲቲኤፍ ብልጫ የለውም፤ የቪኒሉ ጠርዝ ደግሞ ጥርት ይላል። ሠራተኛው ስሙን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ይገለብጠዋል፣ ፕሎተሩ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ትርፉን በቀጭን መንጠቆ እየነቀለ ያወጣል። ረዥም ስም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አሪዛባላጋ በላቲን ሲጻፍ 12 ፊደል ነው፤ አምስት ኤ፣ ሁለት አርና አንድ ቢ አለው። ኤና አር አንድ አንድ፣ ቢ ሁለት ቀዳዳ ስላላቸው በጠቅላላው 9 ቀዳዳ መነቀል አለበት። አንዱ ከተረሳ ሙቀት ካረፈበት በኋላ መመለሻ የለውም። የዚህ ሱቅ ሠራተኛ ከመጫኑ በፊት ፊልሙን ወደ አምፖል ከፍ አድርጎ አንድ በአንድ ያያል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ሌላ ቦታ አያደርጉትም።

ከዚያ ማሊያው ብቻውን በሙቀት መጫኛው ማሽን ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ይጫናል፣ እርጥበቱ እንዲወጣና ሽብሽቡ እንዲጠፋ። ጥጥ ቲሸርት ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሙቀት ይችላል። ማሊያ ግን ፖሊስተር ነው፤ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ በቂ ነው። ሙቀቱ ከፍ ሲል የሚመጣውን ጣጣ የአርሴናል ማሊያ ላይ በግልጽ ታዩታላችሁ። ጨርቁ ቀይ፣ ፊደሉ ነጭ ነው። ፖሊስተር የተነከረበት ቀለም በሙቀት ወደ ጋዝ ተለውጦ ወደ ላይ ይወጣና ነጩ ቪኒል ውስጥ ይገባል። ከሱቁ ስትወጡ ፊደሉ ወተት ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ ሮዝ ይሆናል። ታጥቦ አይለቅም፣ ምክንያቱም ቀለሙ ያለው ፊደሉ ላይ ሳይሆን ፊደሉ ውስጥ ነው። መፍትሔው ሙቀቱን ዝቅ ማድረግና ከሥሩ ቀለም የሚያግድ ግራጫ ንብርብር ያለውን ቪኒል መጠቀም ነው። ሱቁ ይህን ቪኒል ይዟል፤ ግን ካልጠየቃችሁ ተራውን ሊለጥፍላችሁ ይችላል። ጠይቁ፣ ጀርባውንም ገልብጣችሁ እዩት።

የመብራት ነገርም አለ። የከተማ ዳር እንደመሆኑ መብራት ይሄዳል፣ ማታ ማታ ደግሞ ኃይሉ ይደክማል። ማሽኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የሚለካው ሙቀት መለኪያው የተቀበረበትን አንድ ቦታ እንጂ የብረቱን ጠርዝ አይደለም። መብራት ተመልሶ ማሽኑ ገና ሲሞቅ መሃሉ ይደርሳል፣ ዳርና ዳሩ ይቀዘቅዛል። ዙቢሜንዲ ሰፊ ስም ስለሆነ የመጀመሪያው ዜድና የመጨረሻው አይ የሚያርፉት ዳር ላይ ነው፤ በመጀመሪያው እጥበት የሚነሱትም እነሱ ናቸው። እዚህ ሱቅ ማሽኑ ቁጥሩ ላይ ከደረሰ በኋላም ትንሽ ይታገሣሉ። ፊልሙ ከተላጠ በኋላ በቴፍሎን ሸፍነው ለ5 ሴኮንድ ያህል ደግመው ይጫናሉ። ይህችን ሁለተኛ ጫና በጥድፊያ የሚዘሏት ሱቆች ናቸው ማሊያ የሚያስመልሱት።

የፊደሉ መጠን ላይ አንድ ቅሬታ አለን። በፊፋ ደንብ የስም ፊደል ቁመት እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር፣ የጀርባ ቁጥር ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ሱቁ ለሁሉም ስም 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠቀማል። ዙቢሜንዲ በዚህ ቁመት ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ሚዲየም ማሊያ ላይ ልክ ነው። አሪዛባላጋ ግን ወደ 41 ሴንቲ ሜትር ይደርስና ብብት ስፌት ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ቁመቱን ሳይነካ ወደ ጎን ብቻ ያጠበዋል፣ ፊደሎቹም ተጨማድደው ቀጫጭን ይሆናሉ። ቁመቱን ወደ 5 ዝቅ አድርጎ በዓይን እየለኩ ክፍተቱን ማጥበብ ይሻላል። ከ10 ፊደል በላይ ለሆነ ስም ይህን ራሳችሁ ጠይቁ።

በፊደላችን ማሳተምም ይቻላል፣ እኛም ለባስክ ስም ይህን እንመርጣለን። ዋጋው በፊደል ስለሚቆጠር ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በላቲን 9 ፊደል የሆነው ዙቢሜንዲ በአማርኛ 5 ነው፣ 12 የሆነው አሪዛባላጋ 6 ነው። (ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ብሩን አልጻፍነውም።) የቀጠነ ቅጥያ ያላቸው ፊደሎች ላይ ግን ወፍራም ፎንት አስመርጡ፤ ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ጅራት ቶሎ ይነሳል። ደግሞም ፊደላችን ለባስክ ድምፅ ከላቲኑ ይልቅ ይመቻል። በባስክ አጻጻፍ ቲና ኤክስ ተያይዘው ሲመጡ ድምፃቸው የእኛ «ች» ነው፣ ኤክስ ብቻዋን «ሽ» ናት፣ ከላይዋ ምልክት ያለባት ኤን ደግሞ «ኝ» ናት። ኢኛኪ ብለን ስንጽፍ አንድም ድምፅ አይጎድልም። ዜድ ብቻ ታጨቃጭቃለች፤ ባስኮቹ «ስ» ስለሚሏት እዚያ አገር ስሙ ሱቢሜንዲ ነው። ሆኖም እዚህ ሁሉም የለመደው ዙቢሜንዲን ስለሆነ ማሊያው ላይ እሱ ይቆይ፤ ካርዱ ላይ በአንድ መስመር ቢጠቀስ ጥሩ ነው።

ካርዱ ላይ የዙቢሜንዲ ትርጉም «የተራራው ድልድይ» ተብሎ ተጽፏል። ቃላቱ ትክክል ናቸው፦ ዙቢ ድልድይ ነው፣ ሜንዲ ተራራ ነው። የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። በባስክ ሁለት ስሞች ሲጣመሩ ዋናው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ልክ እንደ አማርኛ። ስለዚህ ዙቢሜንዲ የድልድይ ተራራ ማለት ነው፤ ድልድይ አጠገብ ያለ ተራራ። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሊሳሳት አይገባውም ነበር፤ እንደተጻፈ ማንበብ ብቻ ነው። ተቃራኒው የሚሆነው ቅጽል ሲመጣ ነው። ባስኮች ቅጽሉን ከስሙ በኋላ ያደርጉታል፦ ኤቼ ቤት፣ ቤሪ አዲስ፤ ኤቼቤሪ ማለት አዲስ ቤት። ዛባል ሰፊ ስለሆነ ኦያርዛባል ሰፊ ጫካ ነው፣ ሜንዲዛባል ሰፊ ተራራ ነው። አሪዛባላጋ ደግሞ አሪ ድንጋይ፣ ዛባል ሰፊ፣ አጋ ቦታ፤ ሰፋፊ ድንጋይ ያለበት ቦታ። ካርዱን የሚጽፈው ሰው ይህን አንድ ሕግ ቢይዝ፣ ማለትም ስምና ስም ሲሆን እንደ አማርኛ፣ ስምና ቅጽል ሲሆን ተገልብጦ፣ ግማሹ ስህተት ይጠፋለታል።

የአርቴታ ካርድ ላይ ደግሞ «መካከል» የሚል አለ። አርቴ የሚለው ቃል በባስክ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው በእርግጥ መካከል ነው፤ የኦያርዛባል እናት ቤተሰብ ስም ኡጋርቴ በውሃዎች መካከል ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ የኦክ ዛፍ ዝርያ ነው። ከኋላው ኤታ ሲከተል፣ ኤታ ብዙ ነገር ያለበትን ቦታ ስለሚያመለክት፣ የሚሰምረው ዛፉ ነው፦ እነዚያ ዛፎች የበዙበት ስፍራ። አርቴታ የሚባል መንደርም ናቫራ በተባለው የሰሜን ስፔን ግዛት ውስጥ አለ፤ ከዚያው አካባቢ የሚፈልቀው የአርቴታ ምንጭ የፓምፕሎናን ከተማ ውሃ ያጠጣል።

የባስክ ስም ከሞላ ጎደል ሁሉም እንዲህ ነው፤ ቦታ ወይም ቤት ነው። የገጠሩ ኑሮ የተመሠረተው ባሴሪ በሚሉት ሰፊ የገበሬ ቤት ላይ ነበር። ቤቱ ስም ነበረው፣ ነዋሪው በቤቱ ስም ይጠራ ነበር፣ ቤት የለወጠ ሰው ስሙንም የሚለውጥበት ዘመን ነበር። ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 1545–1563) በኋላ ደብሮች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ሲታዘዝ ስሞቹ እየጸኑ ሄዱ። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት ጎይኮኤቼያ ተባለ፣ የላዩ ቤት። የኡናይ ኤምሪ የእናቱ ቤተሰብ ኤቼጎየን ነው፣ ከሁሉ በላይ ያለው ቤት። እኛስ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት እንል የለ? ኢራኦላ ፈርን የሚባለው አበባ የሌለው ተክል የሚበቅልበት ስፍራ ነው፣ ዙቢዛሬታ አሮጌ ድልድዮች ያሉበት። የደቡብ አሜሪካው ነፃ አውጪ ሲሞን ቦሊቫር ስሙ የመጣው ከቢስካይ መንደር ከቦሊባር ነው፣ የወፍጮ ሸለቆ።

በጣም የተስፋፋውና ካርዱ ክፉኛ የሳተው ኤቼቤሪያ ነው። ከሪቨር ፕሌት ወደ ማንችስተር ሲቲ የፈረመውን የክላውዲዮ ኤቼቬሪን ማሊያ ላሳተመ ሰው የሚሰጠው ካርድ «የጣሊያን ስም» ይላል። አርጀንቲና የጣሊያን ዘር የበዛባት ስለሆነች ግምቱ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ስሙ ግን ያው አዲስ ቤት ነው። መጨረሻ ላይ የምትመጣው «አ» እንደ እኛ «ቤቱ» እንደሚለው ነገሩን የታወቀ ታደርገዋለች፤ ኤቼቤሪ አዲስ ቤት፣ ኤቼቤሪያ አዲሱ ቤት። ካርዱን ያሳሳተው አጻጻፉ ነው። ስፓኒሽ ጸሐፊዎች የባስኩን ቲና ኤክስ በሲና ኤች፣ ቢዋን በቪ ተኩ፤ ኤቼቬሪያና ቻቫሪያ ወጡ። ፈረንሳዮቹ ኤቼቬሪ ብለው በራሳቸው መንገድ ጻፉት። በስደተኞች ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያ ተራባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1976 ሜክሲኮን የመሩት ፕሬዚዳንት ሉዊስ ኤቼቬሪያ ነበሩ። ሲ፣ ቪ፣ ዋይ ለባስክ ቃላት የማያገለግሉ ፊደሎች ስለሆኑ፣ እነሱን ያዘለ የባስክ ስም ስታዩ የስፓኒሽ ወይም የፈረንሳይኛ ልብስ የለበሰ ነው ብላችሁ ያዙት። የኦያርዛባል ዋይም ከዚያው ናት፤ በባስክ ሲጻፍ በአይ ነው።

ከኤቼቤሪያ የወጣ አንድ ስም ደግሞ ዓለምን ዞሯል። ናቫራ ውስጥ ያለች ምሽግ በአካባቢው አነጋገር ሻቢየር ተብላ ትጠራ ነበር፣ ሥሩ ያው አዲሱ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1506 እዚያ የተወለደው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፍራንሲስ በምሽጉ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1622 ቅድስናው ሲታወጅ ካቶሊኮች ልጆቻቸውን ዣቪየር፣ ሃቪየር፣ ሻቢየር ብለው መሰየም ጀመሩ። ሻቢ አሎንሶ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። የፍራንሲስ እናት ደግሞ ማሪያ ዴ አስፒሊኩዌታ ይባሉ ነበር፤ የቸልሲ ደጋፊዎች መጥራት አቅቷቸው «ዴቭ» ያሉት የሴሳር አስፒሊኩዌታ ስም ማለት ነው። የፍራንሲስ ጓደኛ፣ የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር መሥራች ኢግናጥዮስ ሎዮላም ባስክ ነበር፣ ስሙም ጭቃማ ስፍራ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1555 ለአጼ ገላውዴዎስ ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። ካርዱ ላይ ቦታ ካለ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህች መስመር ብትገባ ደስ ይለናል።

የካርዱ ጀርባ ላይ ያለው የጋሻ ሥዕል ይውጣ። «የኤቼቬሪ ቤተሰብ አርማ» ይላል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን የለም። መንደሩ ሁሉ አዲስ ቤት ሠርቷል። አሮጌው ሲቃጠል ወይም ቤተሰብ ሲሰፋ ሌላ ይሠራል፣ ጎረቤት «አዲሱ ቤት» ይለዋል፣ ቤቱ ቢያረጅም ስሙ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ስሙ በብዙ ቦታ ለየብቻው ተወልዷል፤ ሁለት ኤቼቤሪያዎች ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም። ጋሻው የአንድ ቤት እንጂ የስሙ አልነበረም። በዚህ ላይ ስፔን ውስጥ ልጅ የአባትንም የእናትንም የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ ሚኬል ኦያርዛባል ኡጋርቴ ነው። ካርዱ ሁለተኛውንም ቢያሳይ ሰው ይወድለታል።

ስታዝዙ ስሙን በቃል አትንገሩ፣ ጽፋችሁ ስጡ። ሠራተኛው «ወንድሜ፣ በአንድ አር ነው በሁለት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ተመስገን የሚያሰኝ ልማድ ነው። መልሱን ከክለቡ ማሊያ ፎቶ አሳዩት፤ አሪዛባላጋ በሁለት አር፣ ኦያርዛባል በዋይ፣ ዙቢሜንዲ መጨረሻው በአይ። ከመቆረጡ በፊት ስክሪኑ ላይ ያልተገለበጠውን አሳየኝ በሉት።

ማሊያውን ለ24 ሰዓት አትጠቡት። ከዚያ በኋላ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ ፊደሉን ሳትፈትጉ እጠቡ። በረኪና አይነካው። ካውያ ፊደሉ ላይ በቀጥታ አይረፍ፣ የግድ ከሆነ ከውስጥ በኩል ተኩሱት። ጥላ ላይ ማስጣቱ ይሻላል። ጠርዙ ከተነሳ ሱቁ ያለ ክፍያ ደግሞ ይጫንላችኋል፣ ግን ቶሎ ውሰዱት፤ ከሥሩ አቧራ ከገባ አይይዝም። ትልቅ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሰልፍ ስለሚኖር ማሊያችሁን ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት ስጡ፣ መብራቱም ያን ጊዜ ይሻላል።